የጣና ደሴቶች ሕዝብ ኑሮና ክርስትና፤ ከጎንደር ታሪክ ጋር ያለው ግንኙነት

መግቢያ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ ከተባለው ሰፈር የቆመ ሰው በአንድ ወገን በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠሩትን ቤቶች፥ በሌላው ወገን የፋሲል ግቢን የድንጋይ ቅጥር ያያል። ከተማዪቱ የዐፄ ፋሲለደስ ከተማ ናት፤ ግንቡም መዋኛውም በእርሳቸው ስም ይጠራል። ነገር ግን የንጉሡ አስከሬን ወዴት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ በከተማው ውስጥ አይገኝም። ከፒያሳ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከጎርጎራ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ውሃ ነው። አስከሬኑ ያለው በጣና መካከል፥ ዳጋ እስጢፋኖስ በተባለው ደሴት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። ከተማ የቆረቆረ ንጉሥ ስለ ምን ከከተማው ውጭ፥ በውሃ በተከበበ ኮረብታ ላይ ተቀበረ? ካረፈበት ጊዜ ጀምሮስ እስከ ዛሬ የጠበቀው ማን ነው? ስለ ጣና ገዳማት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ሥዕላቸው፥ ስለ ብራና መጻሕፍታቸው፥ ስለ መሥራቾቻቸው ቅዱሳን ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ስለሚያርሰው፥ ስለሚቀዝፈው፥ ዓሣ ስለሚያጠምደው፥ ለገዳሙ እህል ስለሚያደርሰው ሕዝብ የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። የእኛ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጎንደርን ቅርስ ውሃው ጠበቀው ሲባል የኖረው ነገር እኩሌታው ብቻ እውነት ነው፤ የቀረውን እኩሌታ የጠበቀው ሰው ነው። ከዚህም ሰው መካከል ክርስቲያን ያልሆነና በጎረቤቱ ዘንድ ሲናቅ የኖረ ወገን አለ።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩. ሐይቁና ደሴቶቹ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። እንዲህ ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ አማካዩ 8 ወይም 9 ሜትር፥ ጥልቅ የተባለው ስፍራም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ቶሎ ይናወጣል። ጧት እንደ መስታወት ጸጥ ብሎ የታየው ባሕር ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሣል። ስለዚህ የደሴት ሰው መንገድ የሚጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ሕዝቡም ሐይቁን ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ይለዋል።

ደሴቶቹ እንደ ተለመደው አቆጣጠር 37 ናቸው። ከነዚህ አብዛኞቹ ከአንድ ቤተ ክርስቲያንና ከጥቂት መነኮሳት በቀር ነዋሪ የላቸውም። ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ታላቁ ደሴት ደቅ ነው። ደቅ ሜዳማና ለእርሻ የሚመች ሲሆን፥ በአጠገቡ ያለው ዳጋ ግን በዛፍ የተሸፈነ ሾጣጣ ኮረብታ ነው። ሁለቱ ደሴቶች በጠባብ ውሃ ተለያይተው ይተያያሉ። አንደኛው የገበሬ፥ ሁለተኛው የመነኩሴ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር አልቻለም። በደቡብ ዳርቻ ያለው ዘጌ ደሴት ሳይሆን ልሳነ ምድር ነው። ቢሆንም የኑሮው ሥርዓት ከደሴቶቹ ጋር አብሮ የሚነገር ስለሆነ ከዚህ በታች እናነሣዋለን።

፪. ታንኳውና ሠሪው

ስለ ደሴት ኑሮ የሚጽፍ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከታንኳ ሊጀምር ይገባዋል። ታንኳ ከሌለ ደብርም፥ ገበያም፥ ሰርግም የለም።

የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየታሰረ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሠራል። ሚስማርም ሳንቃም አይገባበትም። የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው። እየቆየ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከጉዞ መልስ ከውሃው ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ይህም ሁሉ ተደርጎለት ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ይጣልና ሌላ ይሠራል። በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ እህል፥ ማገዶ፥ ቡና፥ ጌሾ፥ ሰውም ሲጫን ኖሯል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭነው በታንኳ የሚሄዱ ሰዎች ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አልነበሩም።

በዚህ ጥበብ ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚነሣው ነገደ ወይጦ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ፥ ቀድሞ ጉማሬ በማደንና ዓሣ በማጥመድ የሚተዳደሩ፥ ሃይማኖታቸውም እስልምና የሆነ ወገኖች ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባሉ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ከእነርሱ ጋር በማዕድም በጋብቻም አልተቀላቀለም። እኛን ያስደነቀን ይህ ነው፤ በአንድ ማዕድ እንዲቀርቡ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች የደንገል ጥበብ ደሴቱን ከምድር ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። ቄሱም ምዕመኑም የተሻገሩበት ታንኳ የዚህ ጥበብ ሥራ ነበር። የገዳማቱ ታሪክ ሲጻፍ መሥራቹ ቅዱስና ጉልት የሰጠው ንጉሥ በስም ይጠራሉ፤ ታንኳ ሠሪው ግን አይጠራም።

በ1969 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሊቅ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበረ ለመፈተን ራ የተባለችውን መርከብ በግብፅ ሲያሠራ፥ ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የጣና ደንገል በዓለም ዜና ሲነገር እንኳ የጣና ታንኳ ሠሪ ስሙ ሳይነሣ ቀረ።

፫. የደቅ ገበሬ

የደቅ ሰው እንደ ማናቸውም የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ በበሬ ያርሳል፤ ዳጉሳ፥ በቆሎና ጤፍ የሚዘሩት በአንድ በኩል ነው፤ በሌላው በኩል ከብቱ ይረባል፥ ጌሾውም ይለማል። ከሌላው ገበሬ የሚለየው ትርፉን ለመሸጥና የጎደለውን ለመግዛት ባሕር መሻገሩ ነው። ጨው ቢያልቅ፥ ሰው ቢታመም፥ የማረሻ ብረት ቢሰበር፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሰማዩ ነው። ነፋሱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ያድራል።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር የዘጌን ሥርዓት ብንመለከት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ አልተፈቀደም። ይህም የሆነው ገዳሙን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም፥ ሕዝቡ ሳያርስና የጭነት ከብት ሳያስገባ እንዲኖር ቃል ኪዳን ስለተቀበሉ ነው ይባላል። በዚህም ምክንያት የዘጌ ሕዝብ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ ሲተዳደር ኖሯል፤ እህሉን ከውጭ ይገዛል። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በዘጌ ያለውን ደን ሲያደንቁ፥ የዘጌ ሰው በበኩሉ ደኑን የጠበቀው ይህ ቃል ኪዳን ነው ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም፤ በቃል ኪዳን የተጠበቀ ደን በአዋጅ ከተጠበቀ ደን ይልቅ ዕድሜ ማግኘቱ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ዓሣ ሌላው መተዳደሪያ ነው። ቀረሶና አምባዛ በጣና የታወቁ ናቸው። ከነዚህም ሌላ ከ15 የሚበልጥ ዓይነት ያለውና በሌላ ስፍራ የማይገኝ የዓሣ ወገን በዚህ ሐይቅ ይኖራል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ነገር በሊቃውንትም ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ነው። ቢሆንም የዓሣ ገበያ ከሁሉ የሚደራው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተሜው ሲጾም ዓሣ አጥማጁ ሥራ ይበዛበታል።

፬. ሃይማኖቱና የዕለት ኑሮው

በሩቅ አገር ያሉ የደሴት ሕዝቦችን ታሪክ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ካሉት ደሴቶች መካከል ሳሞአን ብንወስድ፥ ጆን ዊልያምስ የተባለው የእንግሊዝ ወንጌላዊ በ1830 ዓ.ም. በመርከብ ከደረሰ በኋላ ክርስትና በፍጥነት ተስፋፍቶ ቤተ ክርስቲያኑ የየመንደሩ መካከለኛ ስፍራ ሆነ። እዚያ እምነቱ የመጣው ሰው ወደሚኖርበት ደሴት፥ ከባሕር ማዶ ነው። በጣና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እምነቱ በምድሩ ላይ አስቀድሞ ነበረ፤ ወደ ደሴቶቹ የሄዱት ከሰው ለመራቅ የፈለጉ መነኮሳት ናቸው። የዳጋን ገዳም በ13ኛው ምዕተ ዓመት አቡነ ኂሩተ አምላክ እንደመሠረቱት ይነገራል። መነኩሴው ከሰው ሸሽቶ ሄደ፤ ገበሬው ግን በአጠገቡ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የደሴቶቹ ታሪክ የሁለቱ ጉርብትና ታሪክ ነው።

ይህ ጉርብትና በዕለት ኑሮ በብዙ መንገድ ይታያል። ወሩ የሚቆጠረው በበዓላት ነው። በ7 ሥላሴ፥ በ12 ሚካኤል፥ በ17 እስጢፋኖስ፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም። ጎረቤታሞች በማኅበር ተሰብስበው ጽዋ ይጠጣሉ፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ይበላሉ። የተጣላ ሰው በዚሁ ማዕድ ፊት ይታረቃል። ሕፃኑ ፊደል የሚቆጥረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ከየኔታ ዘንድ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪም በየደጁ እየዞረ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል፥ ቁራሹን የምትሰጠው የገበሬው ሚስት ናት። ስለዚህ በአንድ ገዳም አንድ መጽሐፍ ተገለበጠ ሲባል፥ የገልባጩን እንጀራ የጋገረች ሴት እንደነበረች መዘንጋት አይገባም።

ስለ ሴቶች ካነሣን የዳጋን ሕግ ሳንጠቅስ አናልፍም። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፤ በዳጋ እንስት ከብት እንኳ አይገባም። የደቅ እናት ልጇ በዳጋ ቢመነኩስ ኮረብታውን በየቀኑ ከደጃፏ ታያለች፤ ልትረግጠው ግን አትችልም። ስንቁን ልካ ከዳር ትመለሳለች። ይህን ስንጽፍ ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም፤ የገዳሙ ብሕትውና በማን ድካም ጸንቶ እንደቆየ ለማሳየት ነው። ደግሞም በደቅ ምዕራብ ጥግ የሚገኘውን፥ በሥዕሉ ውበት የታወቀውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት ሴት ናቸው፤ የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ። ሥዕላቸውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያል። ወደ ናርጋ ሴቶችም ገብተው ይሳለማሉ።

፭. ውሃ ብቻ ቅጥር አይሆንም

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በዳጋ የ5 ነገሥታት አጽም ይገኛል ይባላል። እነርሱም ዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ በ1604 ዓ.ም. በደምቢያ በጦርነት የሞቱት ዐፄ ዘድንግልና በ1667 ዓ.ም. ያረፉት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ በወጣትነታቸው የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ መንግሥት በሃይማኖት ምክንያት ሲናጥ አይተዋል። ጎንደርን በ1636 ዓ.ም. ገደማ ቢቆረቁሩም፥ ከተማ ሊወድም እንደሚችል ሳያውቁ አይቀሩም። ስለዚህ ለሕይወታቸው ግንብ፥ ለዕረፍታቸው ደሴት መረጡ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ነገር ግን ደሴት መሆን ብቻውን አያድንም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ገሊላ የተባለችውን የጣና ደሴት በውሃ ተሻግሮ እንደወጋ፥ የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ተርኳል። ታላቁ ኢያሱ በ1706 ዓ.ም. የተገደሉት በጣና ደሴት ሳሉ ነው፤ የተቀበሩትም በምጽራሃ ነው። ይህቺው ምጽራሃ በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት ታላቅ መከራ ደረሰባት። የጎንደር ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ ደሴቲቱ አሽሽተው ነበርና፥ ንጉሡ በደንገል ታንኳ ጦር አሻግረው እንደያዟትና ከነነዋሪዎቿ እንዳቃጠሏት፥ በዚያን ጊዜ በእስር ላይ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ልብ እንበል፤ የጠበቀውም ታንኳ፥ ያጠፋውም ታንኳ ነው። ባሕሩ ማንንም አይለይም።

በምድር ላይ የነበረው ቅርስ ግን ከዚህ የባሰ ደረሰበት። በ1866 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በ1888 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማይቱን አቃጠለ። በ1932 ዓ.ም. የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ስለዚህ የጎንደር ተማሪ የከተማውን የጥንት መጻሕፍትና ሥዕሎች ለማየት ለንደንና ፓሪስ መሄድ ሲኖርበት፥ በጣና ገዳማት ግን ብዙዎቹ በስፍራቸው ቆይተዋል። ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1968 ዓ.ም. መጥቶ የደሴቶቹን ብራናዎች በፊልም ለማንሣት የቻለው፥ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠበቃቸው ሰው ስለ ነበረ ነው።

እንዴት ተጠበቁ? መነኩሴው ዕቃ ቤቱን ይቆልፋል፤ ገበሬው ግን መነኩሴውን ይመግባል። ታንኳው በአገሬው እጅ ስለሆነ፥ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ አገሬው ያውቃል። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ የገዳሙ ዘበኞች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም የታቦቱ በረከት ነበረ።

፮. ከ20ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ

በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ደሴቶቹን እየዞረ ጎብኝቶ በ1936 ዓ.ም. መጽሐፍ ሲያሳትም፥ ያየው ኑሮ በብዙው የቀድሞው ነበረ። በ1935 ዓ.ም. የጀመረው የኢጣልያ ወረራ በጎርጎራ ወደብ አቋቁሞ የሞተር ጀልባ አስገባ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል፥ ደቅን እየነካ የሚያልፍ መርከብ ሲመላለስ ኖሯል። በሽተኛ ለማድረስና እህል ለመሸጥ ይህ ታላቅ ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም።

በ1975 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የገዳማቱ መሬት ቀረ። ከዚያ በኋላ መነኮሳቱ ይበልጡን በምዕመናን ስጦታና ከጎብኚ በሚገኘው ገንዘብ ላይ ተመረኮዙ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ከኔዘርላንድ የመጣ የክርስቲያን ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ለዓሣ አጥማጆች አስገባ። ሐሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነበረ፤ ብዙዎችንም ረድቷል። ነገር ግን በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጣው ዓሣ በወንዞቹ አፍ እየተያዘ ቍጥሩ ተመናመነ።

ሐይቁም ራሱ ተለወጠ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጨረጨራ በተሠራው ግድብ የውሃው መጠን በሰው እጅ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ውሃው በሸሸበት ስፍራ እርሻ ሲስፋፋ ደንገሉ ተመነጠረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው አረም በደምቢያና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ወረሰ። በ2015 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የሕይወታዊ ክልሎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል፤ መዝገብ ግን አረም አይነቅልም። ደንገል ሲጠፋ የወይጦ ጥበብ አብሮ ይጠፋል። ዓሣ ሲጠፋ የደሴቱ ወጣት ወደ ከተማ ይሄዳል። ወጣቱ ከሄደ ደግሞ ለመነኩሴው ስንቅ የሚያደርሰው፥ ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው ማን ይሆናል?

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ለዕረፍታቸው ደሴትን ሲመርጡ፥ ሳያስቡትም ቢሆን አደራቸውን ለደቅ ገበሬና ለታንኳ ሠሪው ትተዋል። እነርሱም አደራውን ከ350 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። የጎንደር ታሪክ በግንብና በዜና መዋዕል ብቻ ከተጻፈ እነዚህ ባለአደራዎች አይታዩም። ከነርሱም ይልቅ ወይጦዎች ጭራሽ ተረስተዋል፤ ጥበባቸው ለታቦት አገልግሎ እነርሱ ግን ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ይህ በታሪካችን ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ዕዳን መክፈል የሚጀመረው ደግሞ በመቍጠር ነው።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በብራናዎቹ ላይ የሚደረገው ጥናት እንደተጠበቀ ሆኖ፥ የደቅና የአካባቢው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚያውቁት ሁሉ በጊዜው ይጻፍ፤ ብራና ይቆያል፥ ሰው ግን አይቆይም። ሁለተኛ፥ የደንገል ታንኳ አሠራር፥ የመሣሪያውና የክፍሎቹ ስም ሳይቀር፥ ከነገደ ወይጦ አፍ ተቀድቶ በነርሱ ስም ይመዝገብ።

ከጎንደር ፒያሳ እስከ ጎርጎራ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ከግንቡ ወደ ባሕሩ አንድ ቀን ቢወርድ፥ እኛ ያጎደልነውን እርሱ ይሞላዋል፤ የተሳሳትነውንም ያርመዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።